ወይዘሮ ፀሐይቱ ከቅጥሩ ውጭ የቆሙባቸው ቀኖች

በ1978 ዓ.ም. በጥር ልደታ ጠዋት፣ ቅዳሴው ገና ሳያልቅ፣ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ግንቡን ተደግፈው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረዋል። በዚያ ወገን ቆመው የሚያስቀድሱት ሌሎቹ ሴቶች ወጣቶች ናቸው፤ የወር አበባቸው ስለመጣ ወደ ውስጥ ያልዘለቁ። የሃምሳ አምስት ዓመት ባልቴት፣ የወር አበባ ካየች ስምንት ዓመት ያለፋት ሴት፣ ከእነሱ ጋር ምን ታደርጋለች? ወይዘሮ ፀሐይቱ ፊታቸውን ያዞሩት ይህን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቃቸው ነበር።

“እትዬ ፀሐይቱ? ምነው ከውጭ?”

ድምፁን አወቁት። ስህን ናት። ስህን የባዮሎጂ አስተማሪ ስትሆን፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ከወይዘሮ ፀሐይቱ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ያስቆጠረቻቸው እሷ ናትና፣ በዕድሜ ልጃቸው ብትሆንም ሲቀልዱ “የኔ መምህርት” ይሏታል። ያን ዕለት ወደ ሥራዋ ስታልፍ ለመሳለም ቆም ብትል ነው ያገኘቻቸው።

“ጉልበቴን አሞኝ ነው። ደረጃው አልወጣ አለኝ።”

“በኅዳር ልደታም እዚሁ ቆመው አይቼዎታለሁ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በዝቶብኝ ነው አሉኝ።”

“ታዲያ አልበዛም ነበር?”

“ዛሬ አልበዛም፣ እትዬ።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላቸውን ይበልጥ ጠበቅ አድርገው ተከናነቡ። ስህንም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ግንቡን ተሳልማ መንገዷን ቀጠለች። እሳቸው ግን የቅዳሴው መጨረሻ አልተሰማቸውም።

ከሰዓት በኋላ ስህን ላምባ ወደሚቸረችሩባት ጠባብ ክፍል መጣች። ባዶ ጠርሙስ አልያዘችም። ይህን ሲያዩ ወይዘሮ ፀሐይቱ ለምን እንደመጣች ገባቸው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ የላምባ ሽታ እየወደዱት መጥተዋል። በእጃቸው፣ በቀሚሳቸው፣ በቤቱ ሁሉ ስላለ፣ ሌላ ሽታ ቢመጣ ሰው አይለየውም ብለው ያስባሉ። ሌላ ሽታ እስካሁን አልመጣም። ግን በየጠዋቱ የውስጥ ልብሳቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ይፈትሻሉ።

“በሩን ልዝጋው፣ እትዬ?”

“ገዢ ይመጣል።”

“ይጠብቅ።” ዘጋችውና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። “ደም ማየት ጀምረዋል፣ አይደል?”

ወይዘሮ ፀሐይቱ የያዙትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ማነው የነገረሽ?”

“የቆሙበት ቦታ ነገረኝ።”

“ነውር ነው፣ ስህን። ዝም በይ።”

“ዝም ብዬ ነበር፤ በኅዳር ዝም አልኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ወይዘሮ ፀሐይቱ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። “እኔ ምን አውቄ! ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ዳንኩ እላለሁ፤ ታጥቤ ወደ ውስጥ እገባለሁ፣ ተመስገን እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ይመጣል። አያመኝም እኮ! አንድ ቀን እንኳ አላመመኝም። የማያም ነገር በሽታ ይባላል?”

“ሲጀምር አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ማመም ሲጀምር ብዙ ርቆ ሄዷል ማለት ነው።”

“አንዳንዷ ሴት ልጅነቷ ይመለሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመለስ ልጅነት የለም፣ እትዬ። ቢኖርማ ቀበሌ ያድለው ነበር፤ እኔም ወረፋ እይዝ ነበር።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። “እሺ፣ ስሙን ጥሪው። ምንድነው የምትይኝ?”

“የማኅፀን በር ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀላል ነገርም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።”

ቃሉ ወይዘሮ ፀሐይቱን ሌላ ቤት ወሰዳቸው፤ ወደ ሸዋዓለም ቤት። ሸዋዓለም በአብነት ሰፈር መንገድ ላይ ሽሮ የምትሸጥ ጓደኛቸው ነበረች፤ አምና ሞተች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጠያቂ ሁሉ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፤ ከሽታው የተነሳ ወደ አልጋው የሚጠጋ አልነበረም። አስከሬኗን ያጠቡት ወይዘሮ ፀሐይቱ ናቸው። ዓይናቸው ያየውን እስከዛሬ አልረሳም።

“ሸዋዓለምን ሐኪም ቤት አይደል የገደላት!” አሉ ድንገት ጮክ ብለው። “በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ነው የወጣችው። እኔም እንደሷ ልሁንልሽ?”

“ሐኪም ቤት የሄደችው መቼ ነበር?”

“አምና፣ በሰኔ።”

“ደም ማየት የጀመረችውስ?”

ከውጭ አንድ ሰው በሩን ቆረቆረና ሄደ።

“ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ነው” አሉ በመጨረሻ። “ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ለማንም እንዳትነግሪ ብላ አስማለችኝ። እኔም ምሥጢሯን ጠበቅሁላት።”

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን ምሥጢር መጠበቃቸውን እንደ ታማኝነት ነበር የሚያዩት። ጓደኛ የሚፈተነው በዚህ ነው ብለው፣ ሸዋዓለም በምትገረጣበት ጊዜ ሁሉ፣ ሰው “ምን ሆና ነው?” ሲላቸው “ብርድ መቷት” ይሉ ነበር። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ታማኝነት ስንት ሴት እንደቀበረ ማን ያውቃል? ነውሩን ሸፍነንላት፣ ከነውሩ ጋር እሷንም ሸፍነናል።

“ታዲያ የገደላት ሐኪም ቤቱ ነው ወይስ ሁለቱ ዓመት?” አለች ስህን ቀስ ብላ።

“አትፍረጂብኝ።”

“በእርስዎ አልፈርድም። ግን የእርስዎን ምሥጢር እኔ አልጠብቅም። ነገ አብረን እንሂድ።”

“ወንድ ሐኪም ፊት? አስመላሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ ሆኖ እንኳ በብርሃን አላየኝም!”

“ሴት ነርስ አጠገብዎ ትቆማለች፤ በጨርቅ ይሸፈናሉ። አሥር ደቂቃ አይሞላም።”

“ጸበል ጀምሬአለሁ።”

“ማን ይከለክልዎታል? ጠዋት ይጠመቁ፣ ረፋድ ላይ እንሄዳለን።”

“ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት” አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ፣ አሁን መርታታቸውን አምነው፣ “ገንዘቧን ሁሉ ለባለመድኃኒት ሰጥታ ምን ጠቀማት? የልብሱን ጫፍ ነክታ ነው የዳነችው። ቄሱ ሲያስተምሩ አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ። ግን እትዬ፣ ያቺ ሴት ከቤቷ ወጥታ፣ ያን ሁሉ ሰው ተጋፍታ ሄደች እንጂ ግንብ ተደግፋ አልቆመችም። ማነው የነካኝ ሲባልም ወጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት የሆነውን ተናገረች። እርስዎ ለእኔ ለአንዷ እንኳ ጉልበቴን ነው አሉኝ።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ተቆጡ። “አንቺ ምን አለብሽ! ወጣት ነሽ፣ ጤነኛ ነሽ። የወለድሽው የለ፣ የሚያስጨንቅሽ የለ። ደረቅ ትምህርትሽን ይዘሽ መጥተሽ…”

ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ሊመልሱት ፈለጉ። ግቢው ውስጥ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይወራል፤ እሳቸውም ከሚያወሩት አንዷ ነበሩ። “አግቢና ውለጂ፤ ማኅፀንሽን ቆልፈሽ ለማን ታስቀምጪዋለሽ?” ብለው በሰው መካከል ያሾፉባት ጊዜ ነበር።

ስህን አልተቆጣችም። ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

“ማኅፀን የለኝም፣ እትዬ” አለች። “በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው ያወጡልኝ። ባሌ ጴጥሮስ በሕይወት ነበር። ልጅ ዘገየብን ብለን ለምርመራ ሄድን፤ ሐኪሙ ከማኅፀኔ በር በትንሽ እንጨት ጠረግ አድርጎ በመስታወት ላይ ቀባና በማይክሮስኮፕ አየው። እኔ ምንም አይሰማኝም ነበር። ደም እንኳ አላየሁም። ግን እዚያ ነበር። ልጅ ፍለጋ ሄጄ ነፍሴን ይዤ ተመለስኩ።”

ጴጥሮስ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት በቀይ ሽብር እንዴት እንደሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። እሷም አላነሳችውም።

“ዘጠኝ ዓመቴ ነው” አለች ስህን። “እነሆ፣ ከፊትዎ ተቀምጫለሁ።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ዘጠኙን ዓመት በዓይናቸው ለኩት። በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ፣ በስኳር ወረፋ ላይ ቆማ ስትቀልድ፣ ሰሌዳው ላይ ፊደል ስትጽፍላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ያሾፉባት ሴት ከሞት ተመልሳ የመጣች ናት። እፍረቱና ተስፋው አንድ ላይ መጣባቸው።

“ይቅር በይኝ” አሉ።

“ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋጁልኝ።”

“ስህንዬ፣ እፈራለሁ። ፍሰሐ ጦር ግንባር ነው። ካንሰር ነው ካሉኝና ከተኛሁ፣ ልጄ ሲመለስ ማን በር ይከፍትለታል?”

“ካልሄዱስ ማን ይከፍትለታል?”

በማግስቱ ተሳፋሪ ፊት ለፊት በሚቀመጥባት ውይይት ታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ የነጠላቸውን ጫፍ ሲቋጥሩና ሲፈቱ ነበር። የመረመራቸው ዶክተር ሚደቅሳ ቀና ብሎ ሳያፈጥባቸው፣ እየጻፈ፣ “እናቴ፣ ደሙን ያዩባቸውን ቀኖች ያስታውሳሉ?” አላቸው።

ለስህን “ምን አውቄ” ያሉት ሴት አሁን አሰቡ። ቀን አልቆጠሩም፤ ከቅጥሩ ውጭ የቆሙበትን ቀን ግን አንዱንም አልረሱም።

“በሐምሌ ልደታ ከውጭ ቆምኩ። ነሐሴን ገባሁ። በመስከረም ልደታ ቆምኩ። በኅዳርም በልደታ ቆምኩ፤ በኅዳር ጽዮን ደግሞ መጣብኝ…”

ሐኪሙ ብዕሩን አቆመ። “ጽዮን ስንት ቀን ነው?”

“ሃያ አንድ ናት፣ ዶክተር” አለች ከወይዘሮ ፀሐይቱ ራስጌ የቆመችው ነርስ፣ ዙሃራ። ሐኪሙ ዞር ብሎ ሲያያት ሳቀች። “ጎረቤቶቼ ሁሉ ክርስቲያን ናቸው፤ የማልበላበት በዓል የለም።”

ሁሉንም ጻፈው። ሰባት ወር ነበር። ወይዘሮ ፀሐይቱ ያን ወረቀት ሲያዩ ደነገጡ፤ ያፈሩባቸው ቀኖች ተሰልፈው ሲታዩ የአንድ በሽታ ታሪክ ነበሩ። ከዚያ ዙሃራ እጃቸውን ያዘቻቸው። ቀዝቃዛ ብረት ተሰማቸው፣ ቁንጥጥ የሚያደርግ ነገር ተሰማቸው፣ አለቀ። ከሥጋቸው ተቆርጦ የተወሰደው ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆየ። ስለ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ወይዘሮ ፀሐይቱ ላምባ ሲቀዱ ያፈሱ ነበር። የሸዋዓለምን ቤት ላለማየት በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። የፍሰሐን ደብዳቤዎች አውጥተው፣ እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ፣ ደጋግመው ያነቡ ነበር።

“ካንሰር ነው” አላቸው ዶክተር ሚደቅሳ። ወንበሩን አጥብቀው ያዙ። “ግን ገና ከማኅፀኑ በር አልወጣም። ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ሌላ ዓመት ቢጨምሩበት ኖሮ እዚህ አገር የምናደርግልዎት ነገር እምብዛም አይኖርም ነበር።”

በየካቲት መጨረሻ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሕመሙ ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ወር ሙሉ እንደልብ አልቆሙም። የላምባውን ሥራ ስህን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትሠራላቸው ነበር፤ ትምህርት የጠገበ እጅ ላምባ ሲሸት አየን ብሎ ግቢው ሳቀባት። ወይዘሮ ፀሐይቱ ግን የሳቁትን ሁሉ እየጠሩ የሆነውን ነገሯቸው፤ የሸዋዓለምንም ጭምር። በዚያው ዓመት ከግቢው አራት ሴቶች ሄደው ተመረመሩ። ሦስቱ ምንም አልነበረባቸውም፤ አንዷ ላይ ትንሽ ነገር ተገኝቶ፣ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ታከመች። ሳይታመሙ የመመርመር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ለሦስቱ እፎይታ፣ ለአንዷ ዕድሜ። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴትም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ባያማትም፣ ነገ ማለት የለባትም።

በ1979 ዓ.ም. የግንቦት ልደታ ዕለት ወይዘሮ ፀሐይቱ ከቅጥሩ ገብተው፣ በሴቶች በር አጠገብ ከቀድሞው ቦታቸው ቆመው አስቀደሱ። ፍሰሐ ገና አልተመለሰም። በር የሚከፍትለት ሰው ግን አለ። ቅዳሴው እንዳለቀ ሰው ሁሉ ንፍሮ ወደሚጠብቀው ወደየሰፈሩ ሲጣደፍ፣ እሳቸው ሳይቸኩሉ በግንቡ ውጭ ተራመዱ። እዚያ የቆሙትን ሴቶች እያዩ አለፉ፤ ወጣት፣ ወጣት፣ አራስ፣ ወጣት።

ከመጨረሻው ጥግ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ፊቷን ወደ ድንጋዩ ያዞረች ሽበታም ሴት አገኙ።

“እኅቴ፣ ምነው ከውጭ?”

ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ዞረች። “ጉልበቴን… ጉልበቴን አሞኝ ነው።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ከጎኗ ሆነው ግንቡን ተደገፉ።

“እኔንም ጉልበቴን ነበር” አሉ። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”