ፊቴን ከከረጢቱ አንሺልኝ

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ የሺሐረግ ጓዳ ተቀምጠው የበሶ ዱቄት ይነፋሉ፣ ልጃቸው ቤዛዊት ከማተሚያ ቤት ያመጣችውን የናሙና ከረጢት ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

የሺሐረግ፦ አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ፊቴን ከዚህ ከረጢት ላይ አንሺልኝ።

ቤዛዊት፦ እማዬ፣ ማተሚያ ቤቱ እስከ አስራ አንድ ሰዓት መልስ ይፈልጋል። ካለፈኝ ወረፋዬን ለሌላ ይሰጥብኛል።

የሺሐረግ፦ ይስጥ። ለሌላ ሰው፣ ከሌላ ሰው ፊት ጋር ይስጥ።

ቤዛዊት፦ ቢያንስ በደንብ እዪው። መነጽርሽን አድርጊ።

የሺሐረግ፦ ያለ መነጽርም በቂ አስደንግጦኛል። ደግሞ ጥቁር! ምግብ በጥቁር ከረጢት የት አየሽ?

ቤዛዊት፦ አሁን የሚወደደው እሱ ነው። የተቆላውን ቡና እንኳ በጥቁር ነው የሚያሽጉት።

የሺሐረግ፦ ቡናው ራሱ ጥቁር ነው። በሶ ምን አጠፋ?

ቤዛዊት፦ ፀሐይ አያስገባም፤ መደርደሪያ ላይም ከሩቅ ይለያል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ስትዪኝ አልነበረም?

የሺሐረግ፦ እሱንማ ያልኩሽ ስለ ባል ነበር። ያኔ አልሰማሽኝም፤ አሁን ለበሶ ትጠቅሽብኛለሽ።

ቤዛዊት፦ እሱን ተይው። ስምሽንስ አየሽው? በትልቁ ነው ያስጻፍኩት።

የሺሐረግ፦ «የወይዘሮ የሺሐረግ በሶ።» ከነወይዘሮው! ሰው እንዲህ ተሟልቶ የሚጠራው በሬዲዮ የሐዘን ማስታወቂያ ሲነበብ ነው። ከሥሬ ያለችው ደቃቃ ጽሑፍስ ምንድን ናት?

ቤዛዊት፦ የተመረተበት ቀን።

የሺሐረግ፦ ከእሷ ቀጥሎ ያለችው?

ቤዛዊት፦ የሚያበቃበት ቀን። ግዴታ ነው። በሶሽን ሊሸጥልን የተስማማው ባለሱቅ ያለ እሷ አልረከብም ብሎኛል።

የሺሐረግ፦ ጥቁር መደብ። ያልሳቀች ሴትዮ። ከሥሯ የጀመረችበትና ያበቃችበት ቀን። የቀረው «ነፍስ ይማር» ብቻ ነው፤ እሱንም ጨምሪበትና ዕድሩ ድንኳን ይትከል።

ቤዛዊት፦ ሁሉን ነገር ሞት ደጃፍ ካላደረስሽ አይሆንልሽም!

የሺሐረግ፦ እኔ መች አደረስኩት? አንቺ ነሽ ያሳተምሽው።

ቤዛዊት፦ እውነቱን ልንገርሽ? የማተሚያ ቤቱም ልጅ ስቆብኛል። «እናትሽ በሶ የሚሸጡ ሳይሆን ለቅሶ የሚደርሱ ይመስላሉ» አለኝ።

የሺሐረግ፦ አየሽ! ባዕድ እንኳ አወቀው።

ቤዛዊት፦ ምኑን ነው ያወቀው?

የሺሐረግ፦ ምንም። ያቺን ደቃቁን ወንፊት አቀብዪኝ።

ቤዛዊት፦ እንቺ። እሺ፣ ያንቺ ፎቶ ይቅር። እነሱ ጋ የተዘጋጀ ፎቶ አለ፤ በነፃ ነው የሚሰጡት። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት። ስልኬ ላይ አለች፣ እዪያት።

የሺሐረግ፦ ይቺ?

ቤዛዊት፦ ቆንጆ አይደለችም?

የሺሐረግ፦ ጥፍሯን አየሽው? በዚህ ጥፍር ነው ገብስ የምትሸከሽከው? አንድ ሙቀጫ ሳትጨርስ ግማሹ ተሰብሮ በሶው ውስጥ ይገባል። ሰው ጥፍር ውጦ ሲታነቅ ማንን ሊይዙ ነው? እኛን።

ቤዛዊት፦ እማ፣ እሷ አትሸከሽክም። ትስቃለች ብቻ።

የሺሐረግ፦ እኔ ገብስ ስቆላ ዓይኔ በጭስ ይጥፋ፣ እሷ ትሳቅ?

ቤዛዊት፦ እንግዲህ አንቺም አትሁኚ፣ እሷም አትሁን። ማን ይሁን?

የሺሐረግ፦ ማንም አይሁን። የገብስ ዛላ ይሳሉበት።

ቤዛዊት፦ የገብስ ዛላ የሌለበት በሶ የት አለና? ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማን ነው የሠራው?» ብሎ ነው። የሰፈር ሰው ካንቺ የሚገዛው ስለሚያውቅሽ ነው። በርሽን አልፎ፣ ገብሱ ሲቆላ አሽትቶ፣ እጅሽን አይቶ። እዚያ ሱቅ ውስጥ እጅሽን የሚያይ የለም። ለዚህ ነው ፊትሽን ያደረግኩት፤ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

የሺሐረግ፦ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የማን እንደሆነ የማላውቀው ልጅ ሆዱን ቢያመው፣ ሌላ ነገር በልቶም ይሁን፣ ተይዞ የሚሄደው ፊቴ ነው። ደህና ቢበሉትም ሲጨርሱ ይጥሉኛል። የሰፈር ውሻ ይጎትተኛል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ቦይ ለቦይ ይዞኝ ይወርዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቤዛዊት፦ እኔኮ ደክሞኛል፣ እማዬ። የምሠራበት ሆቴል ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። ይሄ ባለሱቅ ብቻ ነው «እስቲ ግቢ» ያለኝ፤ እሱም ያንቺን በሶ ቀምሶ ነው። አሁን እሱንም በር አንቺው ልትዘጊው ነው።

የሺሐረግ፦ እኔም ደክሞኛል። የማልፈልግልሽ መሰለሽ? ብኖርና ሱቅ ተደርድሮ ባየው ማን ይጠላል?

ቤዛዊት፦ ይኸው መጣች! «ብኖር።» ጨው አልቋል ስልሽ «ብኖር ነገ እገዛለሁ።» የእህትሽ ልጅ ሰርግ ሲደርስ «ብኖር እሄዳለሁ።» ኖርሽ፣ ሄድሽ፣ ከሙሽራው እናት በላይ ጨፈርሽ።

የሺሐረግ፦ በማግስቱ ጉልበቴ አላነሳ አለኝ፤ እሱን አትናገሪም። ይልቅ ይሄን ፎቶ ከየት አመጣሽው?

ቤዛዊት፦ ከሳጥንሽ።

የሺሐረግ፦ ሳጥኔን ማን ክፈቺው አለሽ?

ቤዛዊት፦ አንቺ ነሻ! ብርድ የሆነ ቀን ጋቢ አውጪልኝ ብለሽ ልከሽኝ። ታች በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ገረመኝ፤ ስቱዲዮ መግባትሽን አልነገርሽኝም። ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ ነጠላሽን አንገትሽ ድረስ አጣፍተሽ። እንዲህ ያማረ ፎቶ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ይቅር?

የሺሐረግ፦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያልሽው?

ቤዛዊት፦ አዎ፣ በአቡጀዲው።

የሺሐረግ፦ አቡጀዲው የት አለ?

ቤዛዊት፦ እሱንማ መጨረሻ ላይ ላሳይሽ ነበር። ቆይ ከቦርሳዬ ላውጣው። ይኸው! ዩኒቨርሲቲ ስሄድ የሰፋሽልኝን የስንቅ ከረጢት አስታወስሽ? አፉ በገመድ የሚሳበውን? በሶው ካለቀ በኋላ እንኳ ጓደኞቼ ከረጢቱን ይለምኑኝ ነበር። እና ስጦታ ብለው ለሚገዙ ሰዎች በዚህ እንሸጣለን፤ ላስቲኩ ከውስጥ ይሆናል፣ አቡጀዲው ከውጭ። ጨርቁን ሳየው ለዚሁ ያስቀመጥሽው መሰለኝና ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። አሳምራ ነው የ... እማዬ? ምን ሆንሽ?

የሺሐረግ፦ ቆረጥሽው።

ቤዛዊት፦ ሌላ ነገር ልትሠሪበት ነበር እንዴ? አዲስ ነበር እኮ። ታጥቦ እንኳ አያውቅም።

የሺሐረግ፦ እሱ አይታጠብም።

ቤዛዊት፦ ለምን አይታጠብም?

የሺሐረግ፦ ውሃ ስጪኝ።

ቤዛዊት፦ እንቺ። አሁን ንገሪኝ፤ አቡጀዲው ለምን ነበር?

የሺሐረግ፦ ለመገነዣዬ።

ቤዛዊት፦ ምን አልሽ?

የሺሐረግ፦ ሰምተሽኛል። ፎቶውም ለዚያው ነው። አምና እንቅርቴን ሊያወጡልኝ ቀን የቆረጡልኝ ጊዜ ነው የተነሳሁት። የስቱዲዮው ልጅ «ፈገግ ይበሉ፣ እናቴ» ቢለኝ «ይሄ የሚፈገግበት ፎቶ አይደለም» አልኩት። ደነገጠ መሰለኝ፣ ቶሎ አነሳኝ።

ቤዛዊት፦ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጬ ስጸልይ፣ አንቺ ቤት መገነዣ አስቀምጠሽ ነበር የገባሽው?

የሺሐረግ፦ አባትሽ ሲሞት የሆነውን ረሳሽው? እሱ በድን ሆኖ ተኝቶ እኛ ፎቶ ፍለጋ ቤት ስናተራምስ። የመታወቂያውን አስፍተው ሰጡን። ዓይኑ ከአፍንጫው አይለይ፣ ማኅተሙ ጉንጩ ላይ። ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሰው ሲያለቅስ ዋለ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ እንደዚያ እንዳትንከራተቺ ብዬ ነው። ጨርቁንም በዚያው ገዛሁት።

ቤዛዊት፦ እኔ ደግሞ በሶ አደረግኩበት።

የሺሐረግ፦ አደረግሽበት።

ቤዛዊት፦ እማዬ፣ ግን አልሞትሽም። ገባሽ፣ ወጣሽ። ያወጡትም ክፉ ነገር የለበትም ተባለ።

የሺሐረግ፦ ተባለ።

ቤዛዊት፦ እንዴት ነው «ተባለ» የምትይው? ቆይ፣ ቆይ። ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ተመለሺ ብለውሽ ነበር። ሄጄ መጣሁ ብለሽኛል።

የሺሐረግ፦ ሄጃለሁ። እስከ በሩ።

ቤዛዊት፦ እስከ በሩ!

የሺሐረግ፦ ዘበኛው «ግቡ እናቴ» አለኝ። ተሳስቼ ነው ብዬው ተመለስኩ። ያልተጠየቀ ሐኪም ክፉ አይናገርም።

ቤዛዊት፦ ደግም አይናገርም እኮ! በየምሽቱ አንገትሽን የምትዳብሺው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ብርድ መስሎኝ ሻሽ እገዛልሻለሁ።

የሺሐረግ፦ አትጩሂብኝ። ሻሹም ይሞቃል።

ቤዛዊት፦ አልጮህኩም። ለመጮህም አቅም የለኝ። የክትትል ቀናቸው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ተያይዘን እንሄዳለን። ምን ትያለሽ?

የሺሐረግ፦ ያቺን የአቡጀዲ ከረጢት ወዲህ በያት።

ቤዛዊት፦ ሐሙስ ነው የምልሽ።

የሺሐረግ፦ ሰማሁ። ከረጢቷን።

ቤዛዊት፦ እንቺ። ሁሉንም እፈታቸዋለሁ። ማተሚያ ቤትም ደውዬ ፊቷን አንሱት እላቸዋለሁ፤ የምትስቀዋም ትሁን፣ የገብስ ዛላም ይሁን፣ የፈለጉትን ይለጥፉ። አስር ሰዓት አልፏል፤ ስልኬን አቀብዪኝ።

የሺሐረግ፦ አፏን ማን ነው እንዲህ የሰፋው? ገመዱ በአንድ ጎን ብቻ ነው የገባው፤ ሲስቡት ያጋድላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሁለቱም ጎን ይግባ በያት። የታችኛውንም ስፌት ትድገመው፤ በሶ ደቃቅ ነው፣ ሾልኮ ያልቃል።

ቤዛዊት፦ እማ፣ እፈታዋለሁ አልኩሽ እኮ።

የሺሐረግ፦ ፈትተሽ ምን ልታደርጊው? የተቀዳደደ አቡጀዲ ቀጣጥለው ሊገንዙኝ ነው? ነውር ነው። ያን ያህል ሰው ጠልቶኛል? እስቲ ከዚያ ከቀዘቀዘው በሶ ጨምሪበት፤ ከትኩሱ እንዳትነኪ፣ ላብ ያወጣና ይሻግታል።

ቤዛዊት፦ ያምርበታል አይደል? ቀጥ ብሎ ቆመ።

የሺሐረግ፦ ይቆማል። በደንብ ይቆማል። ለማተሚያ ቤቱ ንገሪው፤ ያኛውንም ላስቲክ ጥቁሩን ይተውና እንዲህ እንደ አቡጀዲው ነጭ ያድርገው። ቀኖቹን ወደ ጀርባ ያዙርልኝ። ወይዘሮውንም ያውጣው።

ቤዛዊት፦ ፎቶውስ?

የሺሐረግ፦ ፎቶው ለዚያ ጉዳይ አይሆነኝም ከእንግዲህ። አንዴ ሱቅ ውስጥ ያየኝ ሰው ቀብሬ ላይ «ውይ፣ የበሶዋ!» ብሎ ለቀስተኛውን ያስቅብኛል። ስለዚህ እዚያው ይቆይ። ለዚያኛው ሌላ እነሳለሁ፤ ምን ያስቸኩለኛል?

ቤዛዊት፦ ልደውል? የእውነት?

የሺሐረግ፦ ደውዪ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር። ነገ የሆነ ነገር ቢመጣ ግን ተናግሬያለሁ።

ቤዛዊት፦ ተናግረሻል። ትናገሪያለሽም። አቡጀዲው ግን ልብስ ሰፊዋ ጋ አልቋል፤ ለስጦታዎቹ አይበቃም። እኔ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ያንን ጨርቅ ገብቼ የምገዛበት አንጀት የለኝም።

የሺሐረግ፦ አንቺማ ብትሄጂም ስሱን ይሰጡሻል፤ ወፍራሙን የሚያወጡት እኔን ሲያዩ ነው። ሐሙስ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ጨርቅ ቤቱ መንገዳችን ላይ ነው።