በአንድ በኩል የወጣው ብርሃን

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ተማሪዎቹ፤ ከቅርብም ከሩቅም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ያክብርልን። ከሐዘን ይሰውራችሁ።

አረጋውያን፣ ወንበር ያገኛችሁ ቁጭ በሉ። እኔ ላሳጥር ብዬ አሳጥሬ አላውቅም። ንግግር ሲረዝምብኝ ከኋላ ኮቴን እየጎተተ የሚያስቀምጠኝ እሱ ነበር። ዛሬ ኮቴን የሚጎትት የለም።

ይህን ሰው ተማሪዎቹ «ጋሽ ክብ» ይሉታል። በድብቅ የሚሉት ይመስላቸው ነበር እንጂ ያውቅ ነበር። ደስም ይለው ነበር። እኔ ወንድሜ እለዋለሁ። ከአንድ እናት አልተወለድንም፤ ያደግነው ግን አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እሱ ይሠራል፣ እኔ እለካለሁ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ። ጎልማሳነታችን በዚያ ግድግዳ ግራና ቀኝ አለቀ።

ምን ነበር የሚሠራው? እማማ፣ የባለቤቱ እናት፣ ይህን ጥያቄ እኮ እርስዎ ነበሩ የጠየቁት። ያስታውሳሉ? እቤቱ ምሳ ጠርቶን ግቢ ውስጥ ተቀምጠናል። እርስዎ ድንገት ዞር አሉና፣ «ለመሆኑ ልጄን የምታኖርበት ሥራ ምንድን ነው? ብርሃን ይሠራል ይሉኛል፤ የራስህ ኮሪደር አምፖል ግን እንደተቃጠለ ነው» አሉት።

ሁላችን ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነው፤ ተነስቶ ጓዳ ገባ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋና የልጁን ብይ ይዞ ወጣ። ብይዋን ሳፋው ውስጥ ጣለና ያሽከረክራት ጀመር። ብይዋ የሳፋውን ግድግዳ ታክካ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።

«እማማ፣ ብርሃን ማለት ይህች ብይ ናት። ሳፋው ደግሞ የእኔ ሌዘር ነው። የእኔው ሳፋ ግን ከፀጉር ውፍረት ያንሳል» አለ። ብርሃኑ ውስጥ ውስጡን ጠርዙን ይዞ ይሮጣል። ዞሮ ሲመለስ እርምጃው ከመነሻው እርምጃ ጋር ከገጠመ ይበረታል፤ ካልገጠመ እዚያው ይጠፋል። ያንን መግጠም ነው እኛ ሬዞናንስ የምንለው። መግጠም አለመግጠሙን ደግሞ የሳፋው ቅርጽ ይወስነዋል። ጠርዙ ከሻከረ ብርሃኑ ይበተናል። «ስለዚህ ክብ ይሁን፤ ጥርት ያለ ክብ። ከክብ በላይ ብርሃን የሚይዝ የለም።» ይህን ሲል ዓይኑ እንዴት እንደሚያበራ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አጠገቡ አንዲት ተማሪው ተቀምጣለች። በቁመት ከሁላችን ታንሳለችና «ትንሿ» ብሎ ነው የሚጠራት። ከልጁ ለይቶ አያያትም ነበር። «ጋሼ» አለችው፣ «መያዙንስ ይያዝ። ግን ወጥቶ ካልታየ ምን ይሠራልናል?»

«ይወጣል እንጂ። በሁሉም በኩል ትንሽ ትንሽ ያፈስሳል።»

«በሁሉም በኩል ትንሽ ትንሽ ማለት እኮ በየትም በኩል አይበቃም ማለት ነው።»

ይህን አለችና የሳፋውን ጎን በመዳፏ ጫን አደረገችው። ሳፋው እንደ እንቁላል ሞለል አለ። ብይዋ ዞራ ዞራ ከጠባቡ ጥግ ስትደርስ ዘለለች፤ እማማ ጭን ላይ አረፈች። እንደገና ጣለቻት። አሁንም እማማ ጭን ላይ! ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ፣ እርስዎማ ብይዋን በመቀነትዎ ቋጥረው «ከእንግዲህ የእኔ ናት» አሉ። እሱ ብቻ አልሳቀም። ሳፋውን ከእጇ ነጠቀና፣ «አጣመምሽው» አላት። ቀልድ መስሎን ነበር።

ቀልድ አልነበረም።

እሷ ያቺን እንቁላል ይዛ ቀረች። ስሌት ሠራች፣ ሣለች፣ ደግማ ሣለች። ክቡን በጥቂቱ ብናሞልለው ብርሃኑ ውስጥ መቆየቱን ሳይተው በአንድ በኩል ብቻ ይወጣል አለች። በአንድ በኩል ከወጣ ደግሞ እናገኘዋለን፣ ወደምንፈልገው እንልከዋለን አለች። በግምገማ ቀን ክፍሉ ሞልቶ ሥዕሏን ግድግዳው ላይ አበራችው። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። እሱ ከፊት ተቀምጧል። ጨርሳ አስተያየት ስትጠይቅ ምን አላት?

«ክብ መሥራት ያቃተው ሰው እንቁላል ይሠራል።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ወንድሜ፣ አንተን ሁለቱም ደርሰውብሃል። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ገመዷን ነቅላ፣ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች። በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የእኛን በር አልረገጠችም። ማንስ ይፈርድባታል?

ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። የታመመ ጠያቂ፣ የወደቀ አንሺ ነበር። ተማሪ ሲርበው ከፊቱ የሚያነብ ነበር። ግን አንድ ክፉ ቃል ነበረችው። «ስጨርስ» የምትል።

እህቴ፣ ባለቤቱ፣ ይህችን ቃል ካንቺ በላይ የሰማት የለም። በሩ እየጮኸ ነው፣ ዘይት አድርግለት። ስጨርስ። ወንድምህ ደውሎልሃል፣ መልስለት። ስጨርስ። ልብህን እያመመህ ነው፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ስጨርስ። አንቺ ትለምኚዋለሽ፤ እሱ ጫማውን አድርጎ ወደ ክቡ ይሄዳል። እኔም ለምኜዋለሁ። ልጁም ለምናዋለች። ምን ይደረግ? ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮቴን የሚጎትት ባይኖርም እንደምታዩኝ እየተጎተትኩ ነው።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ የዕድሜውን ጥርት ያለ ክብ ልሥራ ብሎ ተነሳ። የምንስልበት መሣሪያ ቀጭን ጨረር ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ጠርዙን እየተከተለ ይስላል። ጨረሩ ዝግ ሲል ጠርዙ ይለሰልሳል። እሱም ዝግ አደረገው። አልበቃውም፤ አሁንም ዝግ። ማንም አድርጎት ወደማያውቀው ዝግታ አወረደው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰዓት ሲሄድ የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ክቦቹ የሚሳሉበት ቺፕ የተቀመጠበት መደገፊያ በዓይን በማይታይ ልክ ተንሸራተተ። እሱ ክብ እየሳለ ወረቀቱ ከሥሩ ይሄዳል እንደማለት ነው። ጀማሪ እንዲህ አይሳሳትም። ጀማሪ ያን ያህል ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ይህ የእሱ ብቻ ስህተት ነበር።

በማይክሮስኮፕ ሲያየው አንዱም ክብ አይደለም። ሁሉም ወደ አንድ በኩል ሞለል ብለዋል። ቺፑን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ለካውና ጣለው» አለኝ። ሳይለካ አይጣልም፤ ይህ የራሱ ሕግ ነው፣ ለማንም ሽሮት አያውቅም።

ለካሁት። የብርሃን መቀበያውን በቺፑ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ጨለማ። አዞርኩት። ጨለማ። አዞርኩት። ከዚያ መለኪያው ዘለለ! የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። እንደገና እዚያው ጋ ዘለለ። በአንድ በኩል፣ በአንድ በኩል ብቻ።

ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩ። መጣ። ወንበሬን ለቀቅኩለት። መቀበያውን በገዛ እጁ አዞረው። አንድ ዙር፣ ደግሞ አንድ ዙር። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። ብዙ ጠረገው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ልክ ነበረች» አለ።

ደውልላት አልኩት።

«ስጨርስ» አለኝ።

ምኑን ነው የምትጨርሰው? አልኩት። ተቆጣሁ፤ አልዋሽም። እሱም ተቆጣ። «በስህተት ያገኘሁትን ይዤ ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? እሷ አስባ የደረሰችበትን እኔ ተንሸራትቼ ነው የደረስኩበት። አስቤ ልሥራው። የሷን ሥዕል፣ በሷ ልክ። ሠርቼ ስሟን ከፊት አድርጌ እሄዳለሁ» አለ። ነገሩን ስሰማው ያምራል። ስንቱ የሚያምር ነገር ነው ሰው ያስቀረው?

ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታዬ ይኸው ሆነ። ደወልክ? ስጨርስ። ደወልክ? ስጨርስ። አንድ ቀን ስልኩን ከኪሱ ቀምቼ ቁጥሯን አወጣሁና ሰጠሁት። አየው፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ገባኝ። ሥራው ሰበብ ነው፤ ሰውየው ፈርቷል። የሚሊሜትር ሽራፊ የማያስፈራው ሰው የገዛ ተማሪውን ፈራ። ሁለት ቃል አፉ ውስጥ ሲዞሩ ከርመው እዚያው ቀሩ። ይቆጨኛል። ወንድሜ፣ እግር ተወርች ያሰረኝ ሐዘን ሞትህ ብቻ አይደለም፤ ይህም ነው።

አሁን እኔ ይህን ስለፈልፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። እውነታችሁን ነው። ግን ውሻም ቢሆን ጨርሶ ዝም ከሚል ይጩህ።

ዛሬ ጠዋት ሬሳው ሳይወጣ ባለቤቱን ለብቻ ጠርቼ፣ ልናገረው ወይ? ብዬ ጠየቅኋት። «ተናገረው» አለችኝ። «እሱ አልቻለበትም። አንተ ተናገረው።»

እንግዲህ አንቺ ልጄ። እዚያ አጥሩ ጥግ ከሰው ጀርባ የቆምሽው። አትሸሸጊ፤ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ቀብር ነውና ልምጣ፣ ማንም ሳያየኝ አልቅሼ ልሂድ ብለሽ ነው የመጣሽው። አውቅሻለሁ። እባክሽ አትሂጂ። ያን ቀን ሲስቅብሽ ከነበረው ሰው አብዛኛው እዚህ ቆሟል። በሰው ፊት የተባለ ነገር በሰው ፊት ነው የሚነሳው። ጆሮሽ ላይ ብቻ ባንሾካሹክልሽ ኖሮ ዕዳው አይወርድም ነበር።

ልጄ፣ ልክ ነበርሽ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት። እሱ ነው፤ ክቡን እድሜ ልኩን ያመለከው ሰው። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ ለክቶ፣ በገዛ አፉ ነው ያለው። የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያን የእንቁላል ቀልድ የሚያነሳ ሰው ካለ፣ የባለ ቀልዱን የመጨረሻ ቃልም አብሮ ያንሳ።

ቺፑን አልጣልኩትም። ሐዘኑ በረድ ሲልልሽ ነይና አብረን እንለካዋለን። አልመጣም ካልሽም መብትሽ ነው። ልጄ፣ ይቅርታ ማድረግ ግዴታሽ አይደለም፤ መስማት ግን ይገባሽ ነበር።

ምነው፣ ታለቅሻለሽ? አልቅሺ። እሷን ያዝ አድርጓት፣ እናንተ አጠገቧ ያላችሁ። መንገድ ልቀቁላት። ባልደረባችን፣ እስቲ ዘወር በልላት። እንዲያ። ነይ፣ ነይ ልጄ። አየሽ? የጋሼሽ ባለቤት ቦታ እየለቀቀችልሽ ነው። ልጁም እጇን ዘርግታልሻለች። እዚያ መሃላቸው ግቢ። እዚያ ነው ቦታሽ፤ ድሮም እዚያ ነበር።

ወንድሜ።

ጥሩ ሠራተኛ ነበርክ። ግትር ነበርክ። ብዙ አስተማርከን፣ ብዙ አናደድከን። ካንተ ወዲያ ግድግዳውን ብደበድብ ማን ይመጣልኛል? እዚህ ያለው ሁሉ በየፊናው የሚያነባልህ ነገር አለው። አፈሩ ይቅለልህ፤ ፈጣሪ በጎ በጎውን ይይልህ።

ልብህን አሳርፍ። ትንሿ መጥታ ከልጅህ አጠገብ ቆማለች፤ እኛም ነግረናታል።

ደህና ሁን።