አልቀመጥም ያሉት ባሕታዊ

እኔ ውኃ መርማሪ ነኝ፤ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ራእይ ያያሉ የሚባሉ አንድ ባሕታዊ አሉ። የጠበላቸውን ውኃ መረመርኩና፣ «አባ፣ እኔ በጠበል አላምንም፤ ግን ከብት እየገባ በክሎታል፣ ሰው ይታመማል» አልኳቸው። ይረግሙኛል ስል፣ «በል ድንጋይ አቀብለኝ» አሉኝና ምንጩን አብረን አጠርነው።

ያን ሰሞን የምወዳት ልጅ አባት «ለማያምን ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቼን መልሰውብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲነሡ ባሕታዊው ሰምተው ኖሮ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ ከቤቱ አጥር ሥር ማኪና ውስጥ ተደብቄ አዳምጣለሁ።

«አባ፣ ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ!» አሉ አባቷ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

«ልጁ እኮ አያምንም!»

«ለእኔም ፊት ለፊት ነግሮኛል። የማያምንበትን ጠበል ግን ለሚያምኑት ሲል ድንጋይ ተሸክሞ አጠረው። ሸጋ ልጅ ነው።»

«በራእይ ታይቶዎት ነው?»

«ለዚህ ደግሞ ራእይ ምን ያደርጋል? በዓይኔ አየሁት!»

ጸልዬ የማላውቀው ሰውዬ መሪውን ጨብጬ «እባክህ፣ እባክህ» እላለሁ፤ ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ባሕታዊው ተቀመጡ!