ጋሽ መሰላልና የልጃቸው ዓይን

«ግድግዳውን ሳትዳብስ ብሩሽ አትንከር» እያሉ አባታቸው ዘወትር ይመክሯቸው የነበሩት፣ ከቁመታቸው የተነሳ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋሽ መሰላል ያሏቸው ወንድማችን፣ ከቀለም ቀቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው፣ ትምህርታቸውን ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። መሰላል ሲጠፋ «እኔው አለሁ፣ ውጡብኝ» እያሉ ሠራተኛውን ያስቁ ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ወንድ ልጅ ካፈሩ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ምጡ ረዝሞ ሕፃኗ ታፍና ስለነበር አንጎሏ ተጎድቶ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ ዓይኖቿ እንከን እንደሌለባቸው ቢነግራቸውም፣ ሰው ፊት ለፊት ሲያነጋግራት ፊቷን ታዞር ነበር። ጋሽ መሰላልም ዓይኗ የሚያርፍበት ብታጣ ነው ብለው፣ የመኝታ ክፍሏን ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል በወፍ፣ በአበባ፣ በዓሣ ሞሉት፤ በየዓመቱም ይጨምሩበታል። ከሥራ ሲመለሱ አገጯን ይዘው ወደ ራሳቸው እያዞሩ «እየኝ እንጂ የኔ እናት» ይሏታል፤ እሷም ታለቅሳለች። ባለቤታቸው ይተዋት ቢሏቸውም፣ ልጄ ጠላችኝ ብለው ከመተከዝ በቀር አልሰሙም።

እንዲህ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከልጃቸው ጋር በሆስፒታል ኮሪደር ተራ ሲጠብቁ እንደ ልማዳቸው አገጯን ቢይዙ፣ እንደሷ ያለ ልጅ ያቀፈች የማያውቋት ሴት አነጋገረቻቸው፤ የልጃቸው ዓይን ጤነኛ ቢሆንም አእምሮዋ የተዝረከረከ ነገር በአንዴ መለየት እንደሚያቅተው አስረዳቻቸው። በማግስቱ ሥራ ቀርተው ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ አንድ ቀይ ኩባያ ብቻ በክር አንጠልጥለው ከጎኗ ወዝወዝ ቢያደርጉት፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች እጇ እየተንቀጠቀጠ ኩባያው ላይ ደረሰ። እሳቸውም ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በኖሩት ሦስት ዓመት ደስታቸው ሙሉ አልነበረም፤ የባከነው ዘመን እየታያቸው ሳልጠይቅ ልጄን አሠቃየሁ ይሉ ነበር።

የሳንባ ሕመም ይዟቸው ሲታከሙ ቆይተው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም እነሆ ከፊታችን ፊቷን ከአስከሬኑ ሳጥን ዞር አድርጋ የተቀመጠችውን ልጃቸውን ትተዋል። አምላክ ሆይ፣ ሳያውቁ የበደሉትን ይቅር ብለህ ነፍሳቸውን በብርሃንህ አሳርፍ። የዚያች የሆስፒታሏ ሴት ቃል በቀብራቸው ቀን እንዲነበብ አደራ ብለዋልና፣ ልጅቷን ወደ ሳጥኑ ሊያዞር እጁን የሚዘረጋ ቢኖር ይስማ፦

«ጋሼ፣ አገጯን ይልቀቁላት፤ ዞር ስትል ነው የምታይዎት።»