የጎረቤት ልጅ ናት

የኤርትራ ነጻነት በታወጀ በማግስቱ ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ አቶ ደበሳይ የልጃቸውን ልጅ ሚጡን አቅፈው ጫማ ሊገዙላት ከሰፈራቸው ከጥራቮሎ ወደ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ሄዱ። አቶ ደበሳይ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በልብስ ሰፊነት አሳልፈው፣ ከነአማርኛቸው ወደ አስመራ የተመለሱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። በቤታቸው ወሬ በትግርኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቅ ነበር።

ከገበያው ጀርባ አዲስ ጤና ጣቢያ እየተሠራ ነበር። የአርማታ ማቡኪያው ጩኸት ሕፃኗን የሳባት መስሏቸው ሽማግሌው ቆሙላት። ሚጡ ግን «እማዬ» ብላ እጇን ዘረጋች። ቀና ቢሉ፣ የልጃቸው የእያሱ ሚስት ትምኒት ሱሪዋን በቦት ጫማ ውስጥ ከትታ፣ በፌሮ ክምር ላይ ቆማ ግንበኞችን ታዛለች። እርሳቸው የሚያውቁት ምራታቸው ቢሮ ተቀምጣ ፕላን እንደምትስል ነው።

ወዲያው ተቋራጩ አቶ ንጋሲ ከአጠገቧ ብቅ አሉ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ ፈገግ ብለው።

ትምኒት ሕፃኗን አየች፤ አማቷን አየች።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለች።

 አቶ ደበሳይ ምራታቸውን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነላቸውም። «እወ፣ ጎረቤታሞች ነን» ብለው፣ የምታለቅሰዋን ሕፃን በትከሻቸው አስደግፈው፣ ጫማውን ሳይገዙ ተመለሱ።

አመሻሹ ላይ ትምኒት ከአውቶቡስ ስትወርድ ሽማግሌው ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ይህን ሥራ ትተዪዋለሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ። እርሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

«አባባ፣ ስለደበቅኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ሴት ፎቅ ላይ ወጥታ ወንድ ስታዝ ማየት ነውር ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርዎት?»

«ነውር ነዋ። አንቺ ከሲሚንቶ ጋር ትውያለሽ፤ ልጅሽ ግን እናቷን ትፈልጋለች።»

«ትፈልጋለች፤ እኔም እፈልጋታለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤትዎ እማማ ለተሰንበት መርካቶ በርበሬ ሲሸጡ እያሱን አዝለውት ነበር አላሉኝም?»

«ያማ ጉልት ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ነው።»

«እንግዲያው ነውሩ ከፍታው ነው?»

አቶ ደበሳይ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው፤ መቆጣታቸው ትዝ ሲላቸው ዋጥ አደረጉት።

«እኔ ስማር የኖርኩት ይህን ሥራ ነው፣ አባባ» አለች ትምኒት። «ያ ቤት ሲያልቅ የዚህ ከተማ እናቶች ይወልዱበታል። ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቤት ብቀመጥ ሚጡ ቀኑን ሙሉ እናት ታገኛለች፤ የምታገኘው ግን የከፋት እናት ነው።»

ሰው የለመደው ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከልማዱ በቀር የሚያቀርበው ምስክር የለውም።  አቶ ደበሳይን ግን ከነውሩ ይልቅ የቆጠቆጣቸው ሌላ ነገር ነበር።

«ለተሰንበት ግን ልጇን የጎረቤት ነው ብላ አታውቅም» አሉ።

ትምኒት መንገዱ ላይ ቆመች። «አቶ ንጋሲ ሲቀጥሩኝ ልጅ አለሽ ወይ አሉኝ። ልጅ ያላት ሴት አርማታ ሊሞላ ሲል ልጄ አተኮሳት ብላ ትሄዳለች አሉ። የለኝም አልኩ። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በምን ልመልሰው?» አለችና አለቀሰች።

ሽማግሌው መሐረባቸውን ሰጧት። «እኔ ሥራሽን ሳላውቅ፣ እሳቸው ልጅሽን ሳያውቁ፣ አንቺ በሁለቱም ቤት ተሳቀሽ ኖርሽ። ዛሬ እጇን ስትዘረጋልሽ ፊትሽን አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሸክም ሰው ለብቻው አይችለውም። ሥራሽን እኔ ተቀብያለሁ። አንቺም ልጄ ናት በያቸው።»

ሰኞ ትምኒት፣ ሽማግሌውና ሚጡ አብረው ወደ ጤና ጣቢያው ሥራ ሄዱ። አቶ ንጋሲ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ዋሽተሽኛል» አሏት።

«ዋሽቻለሁ፤ ጥፋቴ ነው። ግን ወንዶቹን ሲቀጥሩ ልጅ አላችሁ ወይ ብለዋቸዋል?»

«ወንድ ልጁ ታመመ ብሎ ሥራ ጥሎ አይሄድም።»

አቶ ደበሳይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። የማይሄደው የምትሄድለት ስላለች ነው። ሕፃኗ ስትታመም እኔ አለሁ፤ አባቷም አለ። እኛን ሲያቅተን እናቷን እንጠራለን። እርስዎም አስቀድመው ካወቁ ሌላ ሰው ይተካሉ። እስከ ዛሬ ግን ልቧ ቤት ቀርቶ ነው ያሠሯት።»

«አንድ ወር እንየው» ብለው አቶ ንጋሲ ጥለዋቸው ሄዱ። ገና ልባቸው አልተመለሰም ነበር።

በዚያው ወር ሚጡን ኩፍኝ ያዛት። ትምኒት እንደ ቀድሞው ራሴን አመመኝ አላለችም፤ ልጄ ታማለች ብላ፣ ሥራውን ለሠራተኞቹ አለቃ ለካቦው ለአስገዶም አንድ በአንድ አስረድታ ሄደች። እያሱ በጭነት ማኪናው ከምጽዋ ሲመለስ ማስታመሙን ተቀበላት፤ እርሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የወለሉ አርማታም ያለ እንከን ተሞላ። ይህን ያየች ብርክቲ የምትባል አሸዋ ተሸካሚ፣ እኔም የምትጠባ ልጅ ሰው ቤት ደብቄያለሁ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። አቶ ንጋሲ ብዙ ካሰቡ በኋላ ከመጋዘኑ አንዱን ክፍል አስጠርገው ለሕፃናቱ ሰጡ፤ የምትጠብቃቸው ሴትም ቀጠሩ። እናቶቹ በምሳ ሰዓት ያጠባሉ፤ ሳይናገር ከሥራ የሚቀር ሠራተኛም ጠፋ። «የፈራሁት አንዱም አልደረሰም» አሉ አቶ ንጋሲ።

አንባቢ ሆይ፣ እናትነትም ሙያም በሰው ፊት ሲታዩ ሁለቱም ረዳት ያገኛሉ፤ የተደበቀን ነገር ግን ማንም ሊያግዘው አይችልም። ልጅም እናቷ የምትሠራውን እያየች ስታድግ ሥራን ትወዳለች።

አቶ ደበሳይ ከዚያ ወዲህ በማይ ጭሆት ሰፈር በተደረገ ሰርግ ላይ አንድ ዘመዳቸው ሴት ልጁ ምሕንድስና ልትማር እንደምትፈልግ ነግሯቸው ምክር ቢጠይቃቸው፣ ሚጡ ጭናቸው ላይ ተኝታለችና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉት፦

«ትማር። ወደፊትም ትውለድ። አንተ ግን ከአሁኑ ልጅ ማቀፍ ተለማመድ።»