ግዝት የሌለበት መጽሐፍ

ከሰቆጣ መናኸሪያ በተነሣው ታክሲ ከፊቴ አንድ መሪጌታ ከልጃቸው ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጎን ተቀምጠዋል።

«ለልጄ የመንገድ በሶ አመጣሁላት። ለመመረቂያ ጽሑፏ የግድ የምታነበው መጽሐፍ ጎንደር ነው አሉ።»

«ኧረ የኔታ፣ መሄድ ቀርቷል! የኮሌጆቹ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሲስተም ተያይዘዋል። የጎንደሩን እዚሁ በኮምፒውተር እከፍትላታለሁ።»

«ቆይ፣ የሰው መጽሐፍ አይደለም? ‹የወሰደው የተወገዘ ይሁን› የሚል ግዝት የለበትም?»

«ባለቤቶቹ ፈቅደው ፈርመዋል። ደግሞ እሷ ስታነበው ከእነሱ አይጎድልም።»

«ሳይጎድል?»

«ሳይጎድል። የእኛንም እነሱ ያነቡታል።»

«ወይ ጉድ! እኛ ለድጓ አንድ ደብር፣ ለቅኔ ሌላ ደብር ስንኳትን እግራችን አለቀ። እናንተ አገሩን ሁሉ አንድ ጉባኤ ቤት አደረጋችሁት!»

«ልጅዎ ዛሬውኑ ትጀምራለች።»

«በይ እንግዲያው ምሪኝ፤ ስታነበው ቆሜ ልይ።»

መውረጃዬ አልፎ ነበር፤ እኔ ግን «ወራጅ» አላልሁም።