የኤፍሬም የባትሪ ድንጋይ

(ደብረ ብርሃን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ። ሙሉመቤት ነገ ከመሥሪያ ቤቷ የእግር ጉዞ ቡድን ጋር ወፍ ዋሻ ጫካ ልታድር ነው፤ ባሏ ይርዳው መብራት ሊያስመርጣት አብሯት መጥቷል፣ ልቡ ግን መብራቱ ላይ አይደለም።)

ይርዳው፦ ይሄ ነው የሚሆንሽ አልኩ! የዘበኛ ባትሪ ነው፤ ጅብም ሌባም ከሩቅ ያሳያል።

ሙሉመቤት፦ ኪሎ ይመዝናል እኮ ይርዳው። በአንድ እጄ ይሄን፣ በአንድ እጄ ምርኩዝ ይዤ ቁልቁለቱን በጥርሴ ልውረድ? ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻላል፤ እጅ ነፃ ይሆናል።

ይርዳው፦ እጅሽ ነፃ ሆኖ ምን ሊይዝ?

ሙሉመቤት፦ ዛፍ ነዋ! ምን ሊይዝ መሰለህ?

ይርዳው፦ እኔ ምን አውቄ። ባለፈው ቴሌግራም ላይ በለጠፋችሁት ፎቶ፣ ያንን የተዋስሽውን መብራት ግንባርሽ ላይ የሚያስርልሽ ኤፍሬም ነበር። አንድ ላስቲክ ለማሰር ሁለት ሰው ይፈልጋል?

ሙሉመቤት፦ የቡድን መሪ ነው፤ የሁላችንንም አስሯል። የሒሳብ ክፍሏን የእትዬ ጽጌንም አስሯል።

ይርዳው፦ የእትዬ ጽጌን ፎቶ አላየሁም።

ሙሉመቤት፦ አቤት አንተ ሰው! በል ይሄኛውን እየው፤ ቀይ መብራትም አለው።

ይርዳው፦ ቀይ መብራት? ቀይ መብራት ምን ቤት እንደሚበራ የማላውቅ መሰለሽ?

ሙሉመቤት፦ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ዓይን እንዳይወጋ ነው እኮ!

ይርዳው፦ ድንኳን ውስጥ የተኛው ማነው?

ሙሉመቤት፦ እትዬ ጽጌ! ስታንኮራፋ የምታድረዋ!

ይርዳው፦ እሺ፣ ይሁን። ድንጋይ የሚበላውን ግን ተዪው፤ ቻርጅ የሚደረገውን ከነፓወር ባንኩ ልግዛልሽ። የማንንም እጅ አታዪም።

ሙሉመቤት፦ እዚያ ብርድ ላይ ቻርጁ ቶሎ ያልቃል፤ ዛፍ ላይ ደግሞ ሶኬት የለም። ድንጋይ ከሆነ አውጥተህ ትቀይራለህ። ብርዱ ድንጋዩንም ስለሚያደክመው መለዋወጫውን ብብት ሥር ይዞ ማሞቅ ነው።

ይርዳው፦ ይሄስ ደህና ዘዴ ነው። የራስሽን በራስሽ ብብት።

ሙሉመቤት፦ የራስን አይደለም። የቡድኑ ደንብ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፣ የአንዱን መለዋወጫ ሌላው ይይዝለታል። ማንም ጥንዱን ጥሎ እንዳይሄድ።

ይርዳው፦ ያንቺ ጥንድ ማነው?

ሙሉመቤት፦ ባለፈው ኤፍሬም ነበር።

ይርዳው፦ የኤፍሬም ድንጋይ በሚስቴ ብብት ሲሞቅ አደረ በይኛ!

ሙሉመቤት፦ ቀስ በል፣ ባለሱቁ ይሰማል!

ይርዳው፦ ይስማ! እኔ በክረምት እግሬን ወደ እግርሽ ሳስጠጋ «በረዶ!» ብለሽ ታባርሪኛለሽ፤ የሰው ባትሪ ግን…

ሙሉመቤት፦ አብረን እንሂድ ብዬ አልለመንኩህም? «ተራራ የፍየል ነው» ያልከኝ ማነው?

ይርዳው፦ ምን ልበል ታዲያ? ጉልበቴ ዳገት እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ያ ሰውዬ ከፊት ሲዘል፣ እኔ ከኋላ ሳለከልክ በሰው ፊት ልታዪኝ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቀና ይሻለኛል።

ሙሉመቤት፦ የኤፍሬም ሚስትም ትናንት ደውላ ይህንኑ ነው ያለችኝ። ድንጋዩን፣ ብብቱን፣ ጉልበቷን ሳይቀር።

ይርዳው፦ አየሽ! እኔ ብቻ አይደለሁም!

ሙሉመቤት፦ እሷ ግን ጮኻ ስታበቃ ጫማ ገዛች። ነገ የባሏ ጥንድ እሷ ናት።

ይርዳው፦ እሰይ! ተባረኪ በያት! … አንቺስ ከማን ጋር ልትሆኚ ነው?

ሙሉመቤት፦ ከማንም። ያለ ጥንድ ደግሞ አይወስዱም።

ይርዳው፦ ታዲያ የማትሄጂ ከሆነ መብራቱን ምን ልታደርጊው ታስመርጪኛለሽ?

ሙሉመቤት፦ የእኔንማ ባለፈው ደመወዜ ገዝቻለሁ። ጭንቅላትህን ወዲህ በል፣ ላስቲኩ ይበቃህ እንደሆነ ልየው።